ያልሞላው የማሽላ ጉድጓድ

የአጎቴ የማሽላ ጉድጓድ ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጓሮ፣ ከግራሩ ሥር ነው። እንደ ቅል አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ነፋስ ሲኖር አፉ ያጉተመትማል።

ሚስታቸው የሞተችው እዚያ ውስጥ ነው። እህል ተዘግቶበት የከረመ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አፉ ጠዋት ይከፈትና ሲተነፍስ ይውላል። ከሰዓት በኋላ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ካልጠፋ ሰው ይከተላል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን አፉን እንደከፈተች ወረደች። አጎቴ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ስመለስ አንድ ጆንያ አውጥተሽ ጠብቂኝ ብለዋት ነበር። ጎረቤት በገመድ ጎትቶ አወጣት፤ እሳቸው የደረሱት ለቅሶው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ እህልም ሰውም ገብቶበት አያውቅም። አጎቴም ስለ ዝናብ ወይም ስለ በሬ ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ያቆሙና፣ "ለእኔ ብላ ነው የቸኮለችው" ይላሉ።

ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ እናቴ አዳማ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ለመነቻቸው። ጉድጓዱ አፈር ሲሞላ እመጣለሁ አሉ። አፉን ከፍቼ ትቼው አልሄድም፣ ሌላ ሰው ይውጥብኛል አሉ። እናቴ እኔን ላከችኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ የምበላው ግን የአስረኛ ክፍል ተማሪዎችን ጂኦሜትሪ እያስጠናሁ ነው። ስለዚህ ስንት ጋሪ አፈር እንደሚበቃ እኔ እንዳሰላ ተወሰነ።

ድንጋይ ያሰርኩበትን ገመድ አውርጄ ጥልቀቱን ለካሁ። ሆዱን ግን ወርጄ መለካት አልቻልኩም፤ አጎቴም አይፈቅዱም። በወጣትነታቸው የቆፈሩት እሳቸው ስለሆኑ ስፋቱን በሰውነታቸው ያስታውሱታል። ጓሮው መሀል ቆመው እጆቻቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉና በሁለቱም በኩል አንዳንድ መዳፍ ይተርፍ ነበር አሉኝ። ከመካከለኛ ጣት እስከ መካከለኛ ጣት በሜትር ለካኋቸው። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ላልቶ ነበር፤ ክንዳቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

አንገቱን ሲሊንደር፣ ሆዱን ሉል አድርጌ ደመርኩ። አምስት ሜትር ኩብ አይሞላም። የጋሪው ሳጥን ደግሞ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አፈር ሲረጋ ስለሚወርድ ትንሽ ጨምሬ አስራ ሁለት ጋሪ አልኩ።

"ግጥም ጉድጓድ አይሞላም ብዬ ነበር" አሉ አጎቴ፤ "ቁጥር ግን ሳይሞላ አይቀርም።"

ባለጋሪው የሰፈሩ ሰው ነው። "አካም፣ ኢንጂነር" እያለ በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ ይመጣል፣ አፈሩን ይገለብጣል፣ ይመለሳል። አስራ ሁለተኛውን ሲገለብጥ አፈሩ እስከ አፉ መድረስ ነበረበት። ገመዱን ባወርደው ገና ሆዱ ውስጥ ገባ። ባለጋሪው አጎንብሶ አየና፣ የሂሳብህን ፓይ አይጥ በልቶታል እንዴ አለኝ። አጎቴ አልሳቁም። ድጋሚ አስብ አሉኝ። ደጋግሜ አሰብኩ፤ መልሱ ያው ነው።

የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ቪዲዮ ከፍቼ፣ በገመድ አስሬ አወረድኩት። ሳወጣው ሦስታችን በግራሩ ጥላ ሆነን አየን።

አፈሩ መሀል ላይ አልተከመረም፤ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እዚያ ልስኑ ተሰብሮ ሌላ አፍ ተከፍቷል። ጫፉ ላይ የዶማው ምልክት ይታያል፤ አጫጭር፣ ተቀራራቢ ምት። የአጎቴ አይደለም። ከአፈሩ በላይ የቢጫ ጀሪካን እጀታ ብቅ ብሏል፤ እጀታው ላይ አበባ ያለው ሻሽ ታስሯል።

"ሻሿ ነው" አሉ አጎቴ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አጎቴ አንድ ጊዜ ቆፍረው ወጡ። ከመሙላቱ በፊት ግን በየዓመቱ እየወረደች ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በጭቃና በእበት የምትለስነው እሷ ነበረች። የውስጡ ገጽ የእሷ ነው፤ የት እንደቆፈረች፣ የት እንደደፈነች ማንም አያይም። ለክፉ ቀን ጎን ለጎን የራሷን ጎተራ ሠርታለች። የዚያን ቀንም ኩራዙን ያልጠበቀችው ባሏ ሳይመለስ ልታወጣ፣ ወይም ልትደፍን ይሆናል።

ይህን ለእሳቸው አልተናገርኩም። አላስፈለገም። በድርቁ ዓመት እህላችን ሲያልቅ ወንድሜ ከአቦምሳ ላከልኝ ብላ ማሽላ አቅርባ ነበር አሉ። ከዚያ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

"በለቅሶዋ ላይ ወንድሟን አመሰገንኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ሐዘኑ ነው ብዬ..."

ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

ባለጋሪው ቀስ ብሎ፣ ጌቶች፣ ሌላ ላምጣ ወይስ ይብቃ ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንት ጋሪ ይቀረዋል?"

እሷ ከጎን የቆፈረችው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚሄድ መብራቱ አላሳየም። ሳይወርዱ አይታወቅም አልኳቸው።

"ለእኔ ብላ አልነበረም እንዴ?" አሉ ስልኩን እያዩ። እፎይታ ይሁን ስብራት ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። "እንግዲህ አይሙላ። እሷ የቆፈረችውን እኔ አልደፍንም።"

ባለጋሪው ግን ቀድሞ ያዘጋጀውን አንድ ጭነት አምጥቶ፣ መልሼ አልወስድም ብሎ ከጎን ገለበጠው። ሦስታችን ጠፍጣፋ ድንጋይ ገፍተን አፉን ከደንነው። ማታ እናቴ ስትደውል አጎቴ ገና አልሞላም አሏት፤ እሷም እንግዲህ ሲሞላ ብላ ዘጋች። ዛሬም በደወለች ቁጥር መልሱ ይኸው ነው። ከጎን የተገለበጠው አፈር ሣር አብቅሏል።

አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። በደንብ ሳንጨዋወት ስልኩን አምጣ ይሉኛል። ዓይናቸው ስለደከመ ስክሪኑን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያያሉ፤ አፈሩ ይንሸራተታል፣ መብራቱ ይወዛወዛል፣ ቢጫው ብቅ ይላል።

"እዚህ ጋ አቁምልኝ" ይላሉ።

አቆማለሁ። ስክሪኑ ሊጨልም ሲል በጣቴ እነካዋለሁ፣ እንደገና ይበራል።