ጉልበት ስሜ ያየኋት ሰዓት

ኮን ገበያ በግ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው ወታደሮች የያዙኝ። በጉን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄን የኋሊት አስረው፣ ሁለት ቀን በእግር ነድተው ላሊበላ አስገቡኝ። የታሰርኩበት ቤት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ቀድሞ እህል ይከማችበት ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ትገባለች፣ ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል።

«ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» አለኝ። አልሳቅሁም።

ጥፋቴ ወንድሜ ነው። ታናሼ ነው፤ ከቤታችን ፊደል የቆጠረ እሱ ብቻ፣ መምህር። መንግሥት ሲፈልገው ከትምህርት ቤቱ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ፣ ቄሱ አጎታችን ቤት እንደተደበቀ አውቃለሁ። የወታደሮቹ አዛዥ የሚጠይቀኝም ይህንኑ ነው። አይጮህም፣ ያባብላል። ያለበትን ከነገርኩት በሕይወት እንደሚያስረክበኝ፣ ወታደሮቹ ራሳቸው ቀድመው ካገኙት ግን እንደማይመለከተው ነገረኝ። ቀነ ቀጠሮው ዓርብ። እውነቱን ልናገር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ፣ ልናገር አልናገር ስል፣ እግሬ ወለሉ ላይ መንገድ አወጣ።

በሦስተኛው ቀን አዛዡ እየጠየቀኝ እጁን ሲያነሳ የካኪው እጅጌ ሸሸ። ሰዓት አየሁ። ፊቷ ቢጫ፣ ማሰሪያዋ ጥቁር ቆዳ። ወንድሜ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛትን ትመስላለች። እንዲህ ያለ ሰዓት ደግሞ ደሴ ሞልቷል። የወንድሜ ግን ጀርባዋ ላይ ስሙ አለባት፤ በኮምፓስ ሹል ሲጭር አጠገቡ ነበርኩ። አራት ፊደል።

የሱ ከሆነች፣ ከአጎታችን ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ይዘውታል ማለት ነው። እንግዲያው እኔን የሚጠይቁኝ ያስጠጋውን ሰው ለመልቀም ነው፤ ከተናገርኩ አጎቴን ገደልኩ። የሱ ካልሆነች ወንድሜ አለ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ እሱን ገደልኩ። ይህን የምትለይልኝ የሰዓቷ ጀርባ ብቻ ናት።

ለዚያ ለእስር ጓደኛዬ ነገርኩት። የደሴ ልጅ ነው፣ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር አገር ላገር ይዞር የነበረ። አይዘፍንም፣ አይጨፍርም። ሥራው መድረክ ላይ ሰዓት መስረቅ ነው። ባለሥልጣኑን ይጋብዛል፣ እጁን ይጨብጣል፣ ያጫውታል፤ ከዚያ የራሱን ሰዓት ያሳየዋል። ሕዝቡ ይስቃል። በአብዮት በዓል ቀን የአንድ ትልቅ ሰው ሰዓት ወሰደና መለሰ። «ሕዝቡ ከመጠን በላይ ሳቀ» አለኝ። የታሰረው በዚያ ነው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጣቶቹ አላረፉም። የሰንደል ጫማውን ማሰሪያ ከነዘለበቱ ቆርጦ እጄ ላይ አሰረና በቀን ሠላሳ ጊዜ ይፈታዋል። መጀመሪያ ከማሰሪያው ከፍ ብሎ አጥብቆ ይጨብጥሃል። ሥጋ ሞኝ ነው፣ ከተለቀቀ በኋላም የተያዘ ይመስለዋል። በዚያ መሀል የመሀል ጣቱ የማሰሪያውን ጫፍ ከቀለበቱ ይገፋዋል፣ አውራ ጣቱ ቆዳውን አጥፎ ሹሉን ከቀዳዳው ያወጣዋል። ዓይኑ እጅህን አያይም፤ እሱ የሚያየውን ነው አንተም የምታይ። የብረት ማሰሪያ ጠጉር ይነጫል፣ የቆዳ ይሻላል አለ። የፈራው ብርዱን ነበር። የላስታ ጧት ጣት ያደርቃል፣ የደረቀ ጣት ደግሞ ይነካል እንጂ አይሰርቅም።

«ክንዱ እንዴት ይመጣልኛል?» አለኝ። «እዚህ እኮ መድረክ የለም።»

ያንን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሰው ጉልበትህ ላይ ሲወድቅ ጎንበስ ብለህ በሁለት እጅህ ታነሳዋለህ። ደግ ሆንክ ክፉ፣ እጅህ ሳታዘው ይሄዳል። አዛዡ የዚሁ የላስታ ልጅ ነው፤ እናቱ ያስተማረችውን ካኪ አያስረሳውም። እኔ ልወድቅ፣ እሱ ሊያነሳኝ ሲያጎነብስ የደሴው ልጅ ሊወስድ፣ ሰዓቷ በጋቢዬ ሥር ልትደርሰኝ፣ ጀርባዋን አይቼ «ወደቀብዎት» ብዬ ልሰጥ ተስማማን።

«መስረቅ ግማሽ ነው» አለኝ። «ሙያው መመለስ ነው። ቶሎ በል። ባላገር ሰዓት ይሰርቃል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ማንበብ ትችላለህ አይደል?»

ሳምንቱን ሙሉ ባላገር ሲለኝ ሰንብቷል።

«እችላለሁ» አልኩት።

ሐሙስ ጧት ለቆጠራ አወጡን። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። አዛዡ ፊቴ ሲደርስ ወደቅሁ። ጫማው የቀለም ሽታ አለው። ጉልበቱን ሳምኩ። የሆነው ሆኗል፣ ስሜያለሁ።

«ተነሣ፣ ተነሣ ሰውዬ» አለ፣ እጆቹም መጡ። የደሴው ልጅ ከጎኔ ክንዱን ጭብጥ አድርጎ፣ የልጆች አባት ነው፣ ይማሩት ሲለው እሰማለሁ። ሌላ ያየሁት የለም። መዳፌ ላይ ሞቅ ያለች ነገር አረፈች።

በጋቢዬ ጫፍ ሥር ገለበጥኳት። ጭረት አለ። አራት። ጭረት ግን ማንም ይጭራል፤ አዛዡም የራሱን ስም ጭሮባት ይሆናል። ፊደሎቹ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። አንዱንም አላውቀውም። ወደቀብዎት ማለት ነበረብኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ትክ ብዬ ካየሁ የሚናገሩ ይመስል።

አዛዡ ባዶ ክንዱን ጨበጠ።

የደሴው ልጅ ከመዳፌ ነጥቆ በሁለት እጁ አቀረበለት። «ወድቃ ነው ጓድ አዛዥ፣ ዘለበቷ አርጅቷል» አለ። አዛዡ ግን ሰውየው በምን እንደታሰረ ያውቃል። ቀኝ እጁን የበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ አስደረገው። በሰደፍ መታው። ደረቅ ጭራሮ ሲረገጥ የሚሰማው ድምፅ ነበር።

ክፍላችን ስንመለስ መጀመሪያ ያነሳው ስለ ጣቶቹ አልነበረም።

«የሱ ናት?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«ማንበብ አልችልም።»

እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ይተነፍሳል። እኔ ይሰድበኛል ብዬ እጠብቃለሁ።

«ወላሂ» አለ፣ «ስንቱን ሰው አታልያለሁ። እኔን ያታለልከኝ አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ «መልካቸውን ታስታውሳለህ?» አለኝ።

የሠላሳ ሰው ከብት በጆሮ ምልክቱ የምለይ ሰው ነኝ። አቧራው ላይ በጣቴ አንድ በአንድ ሣልኳቸው። ከበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን ጠጋ ብሎ አየ። ወዲያው አላነበበውም። ተነሥቶ ተቀመጠ፣ በደህናው እጁ ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ «መምህር» አለና የወንድሜን ስም ጠራ። መምህር የሚል አልተጻፈም። የጨመረው እሱ ነው።

ዓርብ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ያደረጉትን አልጽፍም። አጎቴ አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ይኸው ይበቃል።

የደሴውን ልጅ ጣቶቹ እስኪጋጠሙ እኔ አጎረስኩት። አብሽር፣ አብሽር ይለኛል፣ የተመታው እሱ፣ የሚጽናናው እኔ። በግራ እጁ አራቱን ፊደሎች አቧራው ላይ ይጽፍልኛል፣ እከተላለሁ፣ ይደመስሳል፣ እንደገና። የሰንደሉን ማሰሪያም በግራው ሊፈታ ይሞክር ነበር። አይሆንለትም። አንድ ጧት ስሙን ጠርተው ወሰዱት። ወዴት እንደሄደ የነገረኝ የለም።

በስምንተኛው ወር እኔን ፈቱኝ። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ለጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው።

«እፈርማለሁ» አልኩት።

እስክሪብቶ ሰጠኝ። የማውቀው አራት ፊደል ብቻ ነው። ጻፍኩት። ጸሐፊው ጽሑፌን አየ፣ ስሜ የተጻፈበትን አየ።

«ይሄ ስምህ ነው?»

«ፊርማ ነው።»

መዝገቡን ዘጋው።

ወንድሜን የበላው መንግሥት በኋላ ሽማግሌ አሮጊቱን ሰብስቦ ፊደል ሲያስቆጥር እኔንም አስቆጠረኝ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ፊደሉ የነሱ አይደለም። ዛሬም የምፈርመው በእነዚያው አራት ፊደሎች ነው። ባንክ ያለችው ልጅ ፊርማዎና ስምዎ አይገናኝም አባቴ ትለኛለች። ፊርማ ነው እላታለሁ።

መዝገቡን አይጥ በልቶት ይሆናል። ካልበላውና አንድ ቀን ከፍቶ የሚያይ ካለ ግን፣ በዚያ ገጽ ላይ ወንድሜ በራሱ እጅ ፈርሞ ወጥቷል።