መልስ በዕለቱ አይጠየቅም

አማን ከተማ፣ ጁበይሃ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በሰዓት ከማጸዳቸው ቤቶች ሁሉ ደስ እያለኝ የምሄደው ዶክቶራ ቤት ነበር። ዶክቶራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራሉ። ተመራቂዎችን ለመቅጠር ወደ ግቢው የሚመጡትን የጠበቃ ቢሮዎች የሚያስተናግዱትም እሳቸው ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ ነው። ሰው ሁሉ ዶክቶራ ሲላቸው እኔም "ማዳም" ማለቱን ትቼ እንደ ሰዉ ለመድኩ።

አንድ ዓመት፣ ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ፣ እኔ ልብስ ስተኩስ እሳቸው ሳሎኑ ውስጥ እየተንጎራደዱ ለቀጣሪዎቹ የሚናገሩትን ይለማመዱ ነበር። አንዳንዱ ቢሮ ተማሪዎቹን ሲያዋክብ አይተው ደንብ አውጥተዋል። ቃለ መጠይቅ የሚደረገው በተሰጠው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ስለ እጮኛና ስለ ትዳር አይጠየቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሥራ የቀረበለት ተማሪ በዕለቱ መልስ ስጥ አይባልም፤ የሚያስብበት ሁለት ሳምንት አለው። አነጋገራቸው ከብዶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቢከብድም ይክበድ አልኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ሻይና ቡና የሚያቀርብላቸው ሰው ስላጡ እኔን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይዘውኝ ሄዱ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ማድቤት የእኔ ሆነች። ጠበቆቹ በሙሉ ልብሳቸው፣ ተማሪዎቹ ከወንድም ከእህት በተዋሱት ኮት ሲገቡ ሲወጡ ዋሉ። ከተማሪዎቹ አንዷን አውቃታለሁ፤ ዶክቶራ ቤት ለቃለ መጠይቅ ልምምድ ስትመጣ "ኻልቶ"፣ አክስቴ እንደማለት፣ ብላ ሰላም የምትለኝ፣ አባቷ መሐል አማን ጨርቅ የሚሸጥ ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽበታም ጠበቃ ቃለ መጠይቁን ጨርሶ ይህችን ልጅ እያዋራ ወደ እኔ በኩል አመጣት። ቢሮው ትልቅ ነው ይባላል። ማድቤቷ ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለውም። ታጭታ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ቦታው የእሷ እንደሆነ፣ ነገር ግን ሌሎችም እየጠበቁ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ሳይገባ እሺታዋን መስማት እንደሚፈልግ ነገራት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "እሺ" ልትል እንደሆነ ከትከሻዋ ታወቀኝ፤ እኔም አማን እንደገባሁ ሰሞን ለስንት ሰው በዚያ ትከሻ እሺ ብያለሁ።

ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

"ልጄ፣ ዶክቶራን ልጥራልሽ?" አልኳት።

ሰውዬው ወደ እኔ ሳይዞር ቡና እንዳመጣለት አዘዘኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ልጅቷ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

"መልሴን በሁለት ሳምንት ውስጥ እሰጥዎታለሁ" አለችው። 

እሱ ሰዓቱን አይቶ ወደ ሌሎቹ ጠበቆች ተመለሰ። እሷ እኔ ጋ ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ ሻይ ሰጠኋት። እየጠጣች ስለ አባቷ አወራችልኝ። ገዢ ሲያመነታበት "ሌላ ሱቅ አይተሽ ተመለሺ" እንደሚል፣ እናቷም ለዚህ እንደምትቆጣው፣ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ግን እንደሚመለሱ ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሻይዋን ስትጨርስ አብረን ሄደን ለዶክቶራ ነገርናቸው። እሳቸው ሰውዬውን ሳይወጣ በሩ ላይ ደረሱበት። የጥብቅና ገበያው እንዲህ ነው አላቸው።

"እዚህ ገበያ የለም" አሉት ዶክቶራ። "ተማሪ ነው ያለው። ደንቡን ከተቀበልህ ትመጣለህ፣ ካልተቀበልህ ትቀራለህ።"

በማግስቱ ስልክ ደውሎ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀ፤ ቦታውም ሁለት ሳምንቱ እስኪሞላ እንደሚጠብቃት አረጋገጠላት። እሷ ግን በቀኗ ደውላ አመስግና እምቢ አለችው። ጀበል አማን ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ጠበቃ የከፈተችው አነስ ያለ ቢሮ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ ከተሰጠው ክፍልም አልወጣም። ቡናውን እኔው ነኝ ያቀረብኩለት፤ አመሰገነኝ።

እኔም ከዚያ በኋላ የሥራ አገባቤ ተለወጠ። አንዲት አዲስ ማዳም ቤቷን አዙራ ካሳየችኝ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆርጬ እንድነግራት ጠየቀችኝ። አስቤበት ሐሙስ እደውላለሁ አልኳት። ቅር አላት፣ ግን ጠበቀች። እስከዚያው ከእኔ በፊት የሠራችላትን ያገሬን ልጅ አግኝቼ ጠየቅኋት፤ ሥራው ይከብዳል፣ ሴትዮዋ ግን ክፉ አይደለችም አለችኝ። ሐሙስ ደወልኩ። እዚህ አገር የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ነውና ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ያን ቀን ስለሆነ ዓርብ እንደማልገባ አስቀድሜ ነገርኳት፤ ተስማማች። እስካሁን እሠራላታለሁ።