የአዲስ ሰው ክንድ

ትናንት ጠዋት ለወንድሜ መገነዣ አቡጀዴ ልገዛ ሶዶ ገበያ ሄድኩ...

ሻንካ ታላቄ ነው። ቤሌ ቆላ ጥጥ ለቀማ ወርዶ የወባ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ አረፈ። እማዬ ከሬሳው አጠገብ መነሳት ስላቃታት እኔ ከተማሪ ቤት ቀርቼ ተላክሁ።

«ወደ ደንበኛችን ወደ ጋሽ ደምሴ ሂድ። ሌላው ልጅ ነው ብሎ ያታልልሃል» አለችኝ።

እማዬ ከዚያ ሱቅ በቀር ከሌላ ቦታ ጨርቅ ገዝታ አታውቅም። ሻንካም የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወደዚያው ነበር የሚመራው።

ስደርስ ከጉኑኖ የመጣ አንድ ሙሽራ ቀድሞኝ ቆሟል። ጋሽ ደምሴ አገሩን ሲጠይቁት ሰማሁ፤ አያውቁትም ማለት ነው። በርጩማ አቀረቡለት። ከዚያ ሠራተኛቸውን ከጓዳ ጠሩት። ሠራተኛው እጁ ሲዘረጋ ከባንኮኒው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ይመስላል። በዚያ ክንዱ እየለካ ቀደደለት፤ በላዩም ምርቃት ጨመረለት።

ተራዬ ደረሰ፤ ለሻንካ መገነዣ መሆኑን ተናገርኩ። ሠራተኛው አቡጀዴውን ሊያነሳ ሲል ጋሽ ደምሴ ተቀበሉት።

«ተወው፣ ይሄ የቤት ልጅ ነው። እኔ እለካለታለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ቁመታቸውም ክንዳቸውም አጭር ነው።

«ጋሼ፣ እሱ ይለካልኝ። ወንድሜ ረጅም ነው» አልኳቸው።

«ክንድ ያው ክንድ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለሰውዬው ለምን እርስዎ አልለኩለትም?»

አልተቆጡም። እንዲያውም ፈገግ አሉ። «እሱ ዛሬ ካልጣመው ነገ ሌላ ሱቅ ይገባል። እናንተማ የት ትሄዳላችሁ? በል፣ እናትህን እግዜር ያጽናሽ ብለዋል በላት።»

ይህን እያሉኝ ለክተው ቀድደው ጨርሰው ነበር...

ቤት ስመለስ ሽማግሌዎቹ መገነዝ ጀመሩ። ጨርቁ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀረ። ወደ ታች ሲስቡት ፊቱ ተገለጠ። ወደ ላይ ሲመልሱት እግሩ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እማዬ እንዳታይ ከፊቷ ቆሙ። እማዬ ግን አይታለች። «ልጄን እግሩን አውጥታችሁ ልትቀብሩት ነው?» አለች።

ተመልሼ ሮጥኩ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ ብዙዎቹን አይቻቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ አነሰን። ትንሽ ይጨምሩልን።»

«አሁን እንግዳ በዝቶብኛል፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ ስትመጡ እክሳችኋለሁ» አሉና ወደ ሌላ ሰው ዞሩ።

ቀብሩ ሊጠብቅ አልቻለም። የተማሪ ቤት ሸሚዜን አወለቅሁና የሻንካን እግር ጠቀለልኩበት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

ዛሬ ተማሪ ቤት አልሄድኩም። የምለብሰው የለኝም፤ ቢኖረኝም የምሄድ አይመስለኝም።

እኛ ለሌላ ጊዜ እንደርስ ይሆናል... ሻንካ ግን መገነዣ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።