በሙቀት ብቻ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የማላውቃት ልጅ ወልቂጤ ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። እኔ ጂኦሎጂ ተምሬ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ድንጋይ ይዞ ቢመጣብኝ አዲስ ነገር አይደለም። አብዛኛው ወርቅ ያገኘ መስሎት ነው የሚመጣው፤ አንድም ቀን ወርቅ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ጋዜጣውን የፈታሁት እየተሰላቸሁ ነበር። ውስጡ ያለውን ሳይ ግን እጄን ሰበሰብኩ።

ግራጫ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ ጥቁር ቀይ ፍሬዎች ጉብ ጉብ ብለዋል። ፍሬዎቹ ጋርኔት ይባላሉ።

"የወንድምዎ የታደሰ ልጅ ነኝ፤ ሳራ እባላለሁ" አለች። "እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ነው የማጠናው። ድንጋዩን ከመስክ ጉዞ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለአጎትሽ አድርሺልኝ ያለኝ ግን አባቴ ነው።"

ከታደሰ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ እሱ በድንኳኑ አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ልጆቹን በስም እንኳ አላውቃቸውም። ልጅቱን ተቀመጪ አልኳትና ውሃ ላመጣላት ተነሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፊቴን ልደብቅ ነበር የተነሳሁት።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴን ልጀምር ነበር። ክረምቱን ከመምህራችን ጋር አዶላ በኩል ለመስክ ሥራ ወጥተን እንዲህ ያለ ድንጋይ ይዘን ተመለስን። የመመረቂያ ጽሑፌ የሚሠራው በእሱ ላይ ነበር። ድንጋዩ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ወረፋ ይዟል። እኔ ግን መስቀል ሲደርስ ከመደርደሪያው አንስቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ለምን ቢሉኝ፣ ለጉራ ነው። ሌላው የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ከመርካቶ ጫማና ላምባ ይዞ ይገባል፤ እኔ የምይዘው አልነበረኝም፤ ስለዚህ እውቀቴን ይዤ ገባሁ።

ቡታጅራ የደረስኩት መስቀል አራት ቀን ሲቀረው ነው። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተይዞ ወርደን ገፍተነዋል። ከተማው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ በየደጁ በሬ ታስሯል። እኛ ጴንጤዎች ደመራ ባንለኩስም ክትፎውን አሳልፈን አንሰጥም።

የአባታችን ብረት ቤት መንገድ ዳር ነበር፤ ቤታችን ከኋላው። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ መጥረቢያና የእንሰት መፋቂያ ይሠራል፤ በርና መስኮትም ይበየዳል። የአባታችንን ዓይን ብየዳው ስለጎዳው ሥራውን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነበር። ታደሰ እኔ እንድማር ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጧል። ይህን እሱ በአፉ አንስቶት አያውቅም፤ ግን በገባሁ ቁጥር "ምሁሩ መጣ፣ ወንበር አምጡለት" ይላል፤ እኔም የሚያስቀምጡልኝን ወንበር አቧራውን አራግፌ እቀመጣለሁ። እንዲህ ነበርን። ስንጣላ እሱ በእጁ ይመታል፣ እኔ በአንደበቴ።

በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር ይጠበቅ ነበር። አባታችን በመስቀል ዕለት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ታደሰን መርቆ ብረት ቤቱን ሊያስረክበው ቃል ገብቷል። ታደሰ ይህን ቀን አሥራ አራት ዓመት ጠብቆታል። ምርቃት የሌለው ርስት በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ማለት ነው፤ ቢይዙትም አይበረክትም።

በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩን ሥራ ቦታው ላይ፣ ሁሉም እንዲያየው፣ መሣሪያ ማስቀመጫው ላይ አኖርኩት። ታደሰ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አነሳው። ወደ ብርሃን አዞረው። በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም፤ ይህን አሁን ነው የምናገረው።

"እነዚህን ቀዮቹን ማን ከተታቸው?" አለኝ።

"ማንም አልከተታቸውም። እዚያው አድገው ነው።"

"ድንጋይ ያድጋል?"

"ያድጋል።"

"በምን?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ስሰማው ከርሜያለሁ። ያ ድንጋይ ድሮ ጭቃ ነበር። ሌላ አለት ተደራርቦበት ወደ ምድር ጥልቅ ወረደ፤ ከላይ ክብደቱ ተጫነው፣ ከታች ሙቀቱ ደረሰበት። አልቀለጠም፤ ቢቀልጥ ሌላ ነገር በሆነ ነበር። ጠጣር እንደሆነ፣ ውስጥ ውስጡን፣ ቅንጣቶቹ እየተለቃቀቁ እንደገና ይያያዛሉ። መጀመሪያ አረንጓዴ ቅጠል የመሰለ ማዕድን ይወጣል። ሙቀቱና ጫናው ሲጨምር እሱ ቦታውን ሚካ ለሚባል ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ማዕድን ይለቃል፤ ከዚያ ጋርኔት ከጎረቤቶቹ የሚፈልገውን እየወሰደ፣ በድርብ ላይ ድርብ እየጨመረ፣ በሰው ዕድሜ በማይቆጠር ጊዜ ያድጋል። የትኛው ማዕድን እንደበቀለ አይቶ ድንጋዩ ምን ያህል ጠልቆ እንደነበር ማወቅ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለታደሰ ማስረዳት ከባድ አልነበረም። ከቆምንበት አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ የእናታችን የቆጮ ጉድጓድ አለ። እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበታል፤ ምንም እሳት ሳይነካው፣ ሳይፈላ፣ በጫናና በራሱ ሙቀት ወር ቆይቶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ብጠቁም ይበቃ ነበር። ግን ለዚህ ሰው ይህን ሁሉ ምን አደከመኝ አልኩ።

"በሙቀት" አልኩት።

"በሙቀት ብቻ?"

"በሙቀት አልኩህ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ስንት ዲግሪ?"

"ከአምስት መቶ በላይ።"

ሳቀ። "እሱንማ እኔ በቀን አሥሬ አልፈዋለሁ" አለና ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲህ ያለ ድንቁርና እያልኩ።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር። ከእናቴ ጋር ቅቤና ሚጥሚጣ ልንገዛ ወጥተን እኩለ ቀን ላይ ስንመለስ ታደሰ ጉጠት ይዞ ከምድጃው አጠገብ ቆሟል። ወናፉ ገና ይተነፍሳል። ድንጋዬ እግሩ ሥር፣ ብረት በሚያጠጣበት በርሜል ጎን፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ወድቋል። ንብርብሩ ተላጦ ተበታትኗል። ቀዮቹ ፍሬዎች ከሰል መስለው ጠቁረዋል፤ ግማሾቹ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። ብረት ሠሪ ያወቀውን ነው ያደረገው፤ አግሎ ውሃ አጠጣው። ብረት እንዲያ ሲያደርጉት ይጠነክራል።

ቀና ብሎ አየኝና "አላደገም" አለ።

ይህቺን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ አኑሬያታለሁ። የተንኮለኛ ድምፅ አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን በደንበኞች ፊት፣ ሁለት ገበሬዎች መጥረቢያቸውን እየጠበቁ በተቀመጡበት፣ "ድሮስ ከቀጥቃጭ ምን ይጠበቃል" አልኩት።

የጉራጌ ሰው ይህች ቃል ምን እንደምትመዝን ያውቃል። በጥንቱ ልማድ ቀጥቃጭን ሰው አያገባውም፣ ማዕድም አይካፈለውም። አባታችን ሙያውን ከዘር የወረሰ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ነው የተማረው፤ ቢሆንም ገበያው ከኋላችን ያንሾካሹክ ነበር። እኔ ገበያው ሲያንሾካሹክ የኖረውን ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ለዚያውም የተማርኩት በዚያው መዶሻ ሆኖ ሳለ። ታደሰ ጉጠቱን ጥሎ በጥፊ መታኝ። ተያያዝን። ገበሬዎቹ ናቸው ያላቀቁን።

በእኛ አገር ቂም ይዞ መስቀል አይበላም። የተጣላ ሁሉ በሬው ከመታረዱ በፊት መታረቅ አለበት፤ ስለዚህ ሽማግሌ ቶሎ ይቀመጣል፣ ቶሎም ይፈርዳል። በዋዜማው ጠዋት ሦስት ሰዎች ጓሯችን ተቀመጡ፤ አባታችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ዘርጋ፣ ጎረቤታችን ነጋዴው ሀጂ ሽፋ። ሀጂ የመስቃን ሰው ናቸው፣ የእኛ መሠረት ከአገና ነው፤ ጉራጊኛችን ስለማይገናኝ ነገሩ የታየው በአማርኛ ነበር። የታደሰ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሲናደድ ቃል ይጠፋበታል። የእኔ እንደ ውሃ ይፈሳል።

"እሱ ነው ያለኝ" አለ ታደሰ። "በሙቀት ያድጋል አለ። ላሳድገው ብዬ ነው። ለአባባ... ትልቅ ሆኖ ላሳየው ብዬ።" ቀሪውን በእጁ ሊያሳያቸው ሞከረ።

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አላህ በመሃላችን አለ። እንዲህ ብለኸዋል?"

አባቴን አየሁት። ድንጋዩን ሳላስፈቅድ እንዳመጣሁ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ለመምህሩ የምሰጠው ምክንያት ያስፈልገኛል። ጉንጬም ገና ይለበልበኛል።

"አላልኩም" አልኩ። "የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም።"

ከሦስቱ አንዱም የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት ይህን አውቄ ነው። ታደሰ አልጮኸም። አፉን ትንሽ ከፍቶ አየኝ፤ ውሸቴ ያን ያህል ይደርሳል ብሎ አላሰበም ነበር።

ቅናት ነው ተባለ። ታላቁ ታናሹን ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ድንጋዩንም እንዲተካ ተፈረደ። "እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከየት አመጣዋለሁ?" አለ ታደሰ። "ኢንሻአላህ ባገኘህ ጊዜ ትተካለህ" አሉት ሀጂ። ታላቅ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ነካ። አባታችን ደግሞ የደከሙ ዓይኖቹን እያሻሸ፣ "የወንድሙን እንጀራ እሳት ውስጥ የሚከት ሰው የእኔን እሳት አይረከብም" አለ። ምርቃቱ እዚያ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ክትፎው ሲቀርብ ታደሰ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለአባታችን አጎረሰ፣ ራሱ ግን አልቀመሰም። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ መዶሻና ጉጠቱን በጆንያ አስሮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወዳለችው ቆሼ ከተማ ወረደ፤ በዚያ ሙቀት፣ ዘመድ በሌለበት፣ ከዜሮ ጀመረ። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ለመምህሩ "ወንድሜ በቅናት አቃጠለብኝ" አልኩት። አዘነልኝና ከዚያው ቦታ የመጣ ሌላ ድንጋይ ሰጠኝ። በጥሩ ውጤት ተመረቅኩ። እኔ ምንም አላጣሁም።

ብረት ቤቱ አባታችን ሳይሞት ተዘጋ። ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ነው።

ሳራ ውሃዋን ጠጥታ ስትጨርስ፣ "አባቴ ዩኒቨርሲቲ ስገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለዚህ ድንጋይ ነበር" አለችኝ። "ከመጽሐፌ ስለ እሱ የሚያስረዳውን ምዕራፍ አስነብቦኛል። አንብቤለት ስጨርስ፣ ጫናውን ነዋ ያልነገረኝ፣ አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገባኝም።"

"ማለቱ" አልኳት፣ "በሙቀት ብቻ ያድጋል ያልኩት እኔ ነኝ። ብዬዋለሁ። ከዚያ በሽማግሌ ፊት አላልኩም ብያለሁ፤ ማልኩ ብትይ ይሻላል።"

ልጅቱ ፊቷ አልተለዋወጠም። የአባቷ ልጅ ናት። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው። ከበስተጀርባው ብረት ሲፈጭ ይሰማል።

"ተቀበለ?" አለ ታደሰ።

"ተቀብለዋል። አባ፣ ያኔ እንዳሉህም አምነዋል። አሁን ነገሩኝ።"

መፍጫው ጠፋ።

"ለእኔ ምን ይነግረኛል" አለ። "እኔ ያኔም እዚያው ነበርኩ። የተፈረደብኝን ተክቻለሁ። እሱ ለአባባ ይንገረው።" ስልኩ ተዘጋ።

አባታችንን ጨምሮ ሦስቱም ሽማግሌዎች ሞተዋል። ታደሰ ይህን ያውቃል፤ አውቆ ነው ያለው።

ጋርኔት በስሱ ተቆርጦ ሲታይ እምብርቱ ላይ የተወለደበት ሁኔታ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ድርብ ቢያድግበት ያ የመጀመሪያው አይጠፋም፤ ይሸፈናል እንጂ። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በደንብም አስተምራለሁ።

ታደሰ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አባታችን በሞተበት ዓመት፣ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቶ፣ አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ያዘና ጠየቀኝ። "ልጄ፣ ያኔ ብለኸው ነበር እንዴ?" አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። ሽማግሌ የለ፣ መምህር የለ፣ የምፈራው ሰው የለ።

"አላልኩም አባባ" አልኩት።

ድንጋዩ አሁንም ልጅቱ ያስቀመጠችበት ቦታ ነው።