የሰይድ አልቅት

አዋሽ ሞልቶ ሲጎድል የሚተወው ጭቃ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ያ የበሰበሰ ሣርና የዓሣ ሽታ፣ ዛሬም ወደ ዱብቲ ስሄድ በሚኒባሱ መስኮት ሲገባ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከመስኖው ቦይ ሲወጣ ይታየኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። አባታችን ከወሎ መጥቶ ዱብቲ የጥጥ እርሻ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ እናታችን ደግሞ ለሠራተኞቹ ሻይ ትሸጥ ነበር። እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነው፤ ሰይድ ግን ጢሙ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። በዚያ ክረምት ከቦዩ ሲወጣ አንድ አልቅት ባቱ ላይ ተጣብቆ አገኘው። ሌላው ሰው ጨው ነስንሶ ይጥለዋል፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ጠግቦ እስኪወድቅ ጠበቀውና በማርመላታ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አስሮ ቤት ይዞት መጣ።

«ይሄ ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል?» አለችው እናቴ።

«ደም መጣጭ አይደል? ጓድ ብዬዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ክው ብላ ወደ ውጭ አየችና «አፍህን ያዝ! ልታስፈጀን ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ስሙን በሹክሹክታ ብቻ እንጠራው ነበር። አልቅቱ ሲያሻው እንደ ክር ይሳባል፣ ሲነኩት ደግሞ ተኮማትሮ የባቄላ ፍሬ ያክላል። ሰይድ አልፎ አልፎ ባቱ ላይ ያስቀምጠውና ሲጠባ፣ እኔ ዓይኔን በጣቶቼ ሸፍኜ በመሃላቸው አይ ነበር።

ጥጡ ፈክቶ ለቃሚዎቹ ከደጋ በመኪና ሲጎርፉ፣ የውትድርናው አፈሳም አብሮ መጣ። እናቴ ሰይድን ከቤት አላስወጣ አለችው። አንድ ቀን ግን የአልቅቱን ውኃ ሊቀይር ወደ ቦዩ ብቅ እንዳለ ታጣቂዎች ከበው ወሰዱት። ጠርሙሱን ያመጣልን እዚያው ፍየሎቹን ያጠጣ የነበረው አፋሩ ጎረቤታችን ሁመድ ነው። «‹ለእናቴ ስጥልኝ፣ ውኃውን ትቀይርለት› አለኝ» አላት። እናቴ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ትወረውረዋለች ብዬ ነበር፣ አልወረወረችውም።

አባቴ አሳይታ ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ «ወደ ሰሜን ሄደዋል» ከማለት በቀር የሚነግረው አላገኘም። በጋውን በሙሉ እናቴ ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ መጀመሪያ የምትቀይረው የጠርሙሱን ውኃ ነበር። አልቅቱ እየቀጠነ ሲሄድም፣ ያን «ቆሻሻ» ያለችውን ፍጡር አውጥታ የራሷ ባት ላይ አስቀመጠችው። ደንግጬ ላነሳው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ ይጥባ» አለችኝ። «የሰይዴ ደም አለበት።»

ክረምት ተመልሶ መጣ። አውሮፕላን በጥጡ ላይ ዝቅ ብሎ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ሰነበተ፤ እናቴም እንደ ልማዷ ከቦዩ ቀድታ ውኃውን ቀየረችለት። ከሰዓት ስናየው ተጠቅልሎ ጠርሙሱ ታች ወድቋል። በጣቷ ደጋግማ ነካካችው፤ አልተሳበም። አላለቀሰችም። ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችውና አፈሩን በእጇ ደለደለች። ከዚያ ቀን በኋላ «ኢንሻአላህ ሰይድ ሲመጣ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሞተ የሚል ወሬም ስላልመጣ፣ ሰደቃ እንኳ ሳናወጣለት ዓመታት አለፉ። እሷም እንደዚያው ሳታውቅ ሞተች።

አሁን ሰመራ እኖራለሁ። ልጄ፣ ወንድሜ ሰይድ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፏል። ሲያመሽብኝ ስልክ እደውልለታለሁ፣ «መጣሁ እማ» ይለኛል፣ ይመጣልም። እናቴ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ከመቀመጥ በቀር የምታደርገው አልነበራትም፤ ኋላ ደግሞ በሩንም ዘጋችው።