ደም የሌለበት ቃል

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ቢቸና እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን አባቴ ሰው ልኮ ሞጣ አስጠራኝ። ታላቅ ወንድሜ በእርሻ ድንበር ጠብ ጎኑን በዱላ ተመቶ ነበር። ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ነው። በእኛ አገር ደም ከፈሰሰ የመቺው ወገን የተመታውን እስኪድን ያስታምማል፤ ካልፈሰሰ ይቅር ተባብሎ መለያየት ነው። የወንድሜ ጎን ደግሞ ጠቁሮ አብጧል እንጂ ቆዳው አልተላጠም።

አባቴን ያንገበገበው ግን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። «መርፌ አልወጋ፣ ፋሻ አላሰረ፤ ‹ኮንቱዥን› ብሎ ሰደደን። ሕመም በአማርኛ ስም አጣ? ከነዚያ ከመቺዎቹ እጅ ጉቦ ሳይቀበል አይቀርም!» አለኝ። እኔም ሄጄ ጠየቅሁት። ያንኑ ቃል ደገመልኝና «ይረፍ፤ ከባሰበት መልሱት» ብሎ በሩን ዘጋ። አዘጋጉን አልወደድሁትም።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተሰበሰቡ። ትልቁ ሽማግሌ ገና ሳልቀመጥ «አስተማሪው፣ ድሬሰሩ ያለውን ቃል ፍታልን፤ ግን የተመታው ወንድምህ ነው። የፈረንጁን ቃል በእሱ ልክ እንዳትሰፋው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ያነበብሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት፦ ኮንቱዥን ከላቲን የመጣ ነው፣ ሥሩም መውቀጥ ነው፤ መጎዳትን ‹ሀርት› የሚሉት ከፈረንሳይ የተወሰደ፣ መግጨት ማለት ነው፤ ‹ኢንጁሪ› ደግሞ ጥንት የአካል ጉዳት ብቻ አልነበረም፣ ግፍ ነበር፣ ከፍትሕ ውጭ የተሠራ ነገር።

«ግፍ የምትለዋን ከራሱ ጨመራት!» አለ የመቺው አጎት፤ ሰዎቹ ሳቁ።

ሽማግሌው አልሳቁም። «ሥሩን ተወው። ቃሉ ደም አለበት ወይ?»

መዋሸት አማረኝ። አባቴ ዓይን ዓይኔን ያያል። «የለበትም ጌታዬ፤ ቆዳው ሳይቀደድ ውስጥ ሲጎዳ ነው» አልኋቸው። አባቴ ፊቱን አዞረብኝ፤ እኔንም የገዙኝ መሰለው።

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። «ደም ካላያችሁ አታምኑም አይደል? ተከተሉኝ» አለ። ወደ ጓሮ ወሰደንና ጀርባውን ሰጥቶን ድንጋይ ላይ ሸና። ደም ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ለምን አልተናገርህም?» አሉ ሽማግሌው።

«ለማን ልናገር? ድሬሰሩን አባዬ አያምነው፣ እኔን እናንተ አታምኑኝ። ለሴቶቹ እንዳልነግር አፈርሁ።»

ማንም ሌላ ቃል አልጠየቀኝም። ሽማግሌው ወደ መቺው ወንድሞች ዞረው «አንሡት!» አሉ። ቃሬዛ አበጅተው ወደ ጤና ጣቢያው ተሸከሙት። አባቴም ያንን የጠረጠረውን ድሬሰር ሊለምን፣ የልጁን እጅ እንደያዘ ከጎን ከጎን ይሮጥ ነበር።