ለሁለት ሰው የተያዘ ክፍል

ዓለምፀሐይ ከባሏ ከመኳንንት ጋር የምትጣላው በዋትስአፕ ነው። አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው እሷ ትጽፋለች፤ የእሱ ስልክ ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሌላ ምን ታድርግ? ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ ግድግዳው ማስነጠስ እንኳ አይደብቅም፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሁልጊዜ እንግዳ አለ።

እንግዶቹ ለናይሮቢ ብለው አይመጡም። አንዱ ካናዳ፣ አንዷ አውስትራሊያ ሊገቡ ፕሮሰስ ላይ ናቸው። ኢንተርቪው አለ፣ ሜዲካል አለ፣ ከዚያ መጠበቅ አለ፤ የሚጠበቀውም መኳንንት ቤት ነው። መኳንንት ጤፍና በርበሬ እያስመጣ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ያከፋፍላል። በንግዱ ማንም አያታልለውም፤ ዘመድ ስልክ ሲደውል ግን አንጀቱ ቅቤ ይሆናል። የአጎቱ ልጅ ኪሩቤል «ሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ መጥቶ ቶሮንቶ የገባው ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የእሱ ፍራሽ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ዘመዱ ራሔል ከነልጇ መጣች። አሁን ያሉት አክስቱ እማማ ብዙነሽ ናቸው፤ ልጃቸው አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ሆና ወረቀታቸውን ታስጨርሳለች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ያንተ ቤት እኮ የአብርሃም ቤት ነው» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። የአብርሃምን ቤት አንሶላ ማን እንደሚያጥበው የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

እውነቱን ለመናገር ዓለምፀሐይን ያንገሸገሻት አንሶላው አልነበረም። ባሏ ናፍቋት ነው። አብራው እየበላች፣ አብራው እየተኛች ናፈቃት። ድሮ እንባዋ እስኪወጣ ያስቃት ነበር። አሁን ጨዋታው ሁሉ ሳሎን ለእንግዳ ያልቅና መኝታ ቤት የሚገባው ዝም ያለ፣ የደከመው ሰው ነው። ልጅ አለመውለዳቸውን እንኳ ድምፅ አውጥተው ተነጋግረውበት አያውቁም። አንዳንዴ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ታየውና አንድ ቀን ይህን ሰው አይቼ ምንም የማይሰማኝ ብሆንስ ብላ ትፈራለች።

ኪሊማኒ ሰፈር በምትሠራበት ቢሮ አጠገቧ የምትቀመጠው አቺየንግ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው የኪሱሙ ከተማ ልጅ ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ የከተማዋን ነገር አነሳች። ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ያበቃበት የነበረውን አሮጌ ወደብ፣ ሐይቁ ዳር የቀሩትን የጥንት ቤቶች፣ የሕንዶቹን ሱቆች፣ ጀንበር ስትጠልቅ በጀልባ መንሸራሸሩን ዘረዘረችላት።

«ባልሽን ይዘሽው ሂጂ» አለቻት። «ዓሣ ብሉ፣ ተኙ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ።»

ያን ዕለት ማታ ዓለምፀሐይ ከአልጋዋ ላይ ሆና በክንድ ርቀት ለተኛው ባሏ ፎቶ ላከችለት። በረንዳው ወደ ሐይቁ የሚያይ ክፍል ነው።

«ሁለታችን ብቻ» ብላ ጻፈች።

ስልኩ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይጽፋል። ከዚህ በፊት ናይቫሻ ሐይቅ እንሂድ ብላው ነበር፤ ላሙ ደሴት እንሂድም ብላው ነበር፤ ሁሌ «ለሚቀጥለው» ነው መልሱ። በመጨረሻ «እሺ» የሚል መጣ።

ከዚያ ወዲያ ምሽቱ ሁሉ የኪሱሙ ሆነ። ከቢሮ ፈቃድ ወሰደች። ክፍሉን ለሁለት ሰው አስያዘች። ቀሚስ ገዝታ ማንም እንዳያይባት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከኋላ ሰቀለችው፤ በገዛ ቤቷ ቀሚስ መደበቋ እሷንም አስገርሟታል። ጎረቤቷ ሠናይት ጠዋትና ማታ እማማ ብዙነሽን ልታያቸው ቃል ገባች።

«እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» ብላ ጻፈችለት። «ጮክ ብዬ ማውራት።»

መልስ አልመጣም፤ አልጋው ግን ተነቃነቀ። መኳንንት አፉን በትራስ አፍኖ እየሳቀ ነው። ዓለምፀሐይ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ ያን ሳቅ አዳመጠችው፤ ሰውየው እዚያው ውስጥ አለ ማለት ነው።

ለእሱ የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ለአክስቱ መንገር።

«ነገርካቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ እማማ ብዙነሽ ሳሎን መሃል ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ቢጫ ጀሪካን በእጃቸው ይዘዋል።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት። «ለዚህ ለወገቤ ብላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ!»

እማማ ብዙነሽ ተወልደው ያደጉት ጣና ዳር ነው። ለሳቸው ሐይቅ ካለ ደሴት አለ፤ ደሴት ካለ ገዳም፣ ገዳም ካለ ጠበል አለ። መኳንንት «ሐይቅ ዳር ወዳለች የድሮ ከተማ ልንሄድ ነው» ሲላቸው ወዲያው ተነሥተው መረቁት። ምርቃቱ መሃል ምን ይበል? አሜን አለ። አሜን ካለ በኋላ ደግሞ እርስዎ ይቀራሉ ለማለት አፉን ይሉኝታ ያዘው። ለሚስቱም ሳይነግራት ቀረ።

ዓለምፀሐይ ባሏን አየችው። እሱ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ ያያል። እሷም «እርስዎ ይቀራሉ» ልትል ነበር፤ ሴትየዋን ግን ትወዳቸዋለች፤ ጀሪካኑንም አጥበው ነው ያመጡት።

«ይግቡ እማማ» አለች።

እማማ በክብር ፊት ተቀመጡ፤ ዓለምፀሐይ ጀሪካኑን ታቅፋ ከኋላ ገባች። እንዲህ ሆና ሰባት ሰዓት ልትጓዝ ነው፤ ከዚያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ እማማ ለብቻቸው ማደር ይፈራሉ፣ ከዚያ አልጋው ላይ እሷና እማማ፣ መኳንንት ምንጣፍ ላይ። የግቢው ዘበኛ በሩን ሲከፍት የባሏን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

«አቁምልኝ። ራሴን አሞኛል፤ እናንተ ሂዱ።»

ጀሪካኑን ወንበሩ ላይ ትታ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። መኳንንት በመስተዋቱ እያያት ነዳ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ፍሪጁ እንዲህ እንደሚጮህ እስከ ዛሬ አታውቅም። የመኝታ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «መኳንንት!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ተጣራች። የሚሰማት ሰው የለም። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እሱንም ቢሆን ጮክ ብላ።

ስልኩ ሲጠራ እነመኳንንት ከናይሮቢ ወጣ ብለው ሊሙሩ ከተማ ደርሰው ነበር። አቁሞ፣ ከመኪናው ወርዶ ነው የደወለው፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ክኒን ወሰድሽ?»

«ራሴን አላመመኝም።»

«አውቃለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ ለምን ቀረች እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

«መኳንንት» አለችው፤ የድምፅዋ እርጋታ ራሷን አስደነገጣት። «ለሰው ሁሉ እሺ ስትል ኖረሃል። እምቢ የምትለው ለእኔ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ? እውነቱን ንገራቸው። ካልቻልክ እኔም ከዚህ በላይ አልችልም።»

ስልኩን አልዘጋም። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማች። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንደ ልጅ እየተደናቀፈ።

«አክስቴ፣ ዓለምፀሐይ አልታመመችም። ሁለታችን ብቻ ልንሄድ ነበር ያሰብነው። ልነግርዎ አፍሬ ነው።»

ዓለምፀሐይ ዓይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ እኔን ምን ልሁን ብለህ ጎትተህ አመጣኸኝ?» አሉ እማማ ብዙነሽ። «እናንተ ቅር እንዳይላችሁ ብዬ እንጂ፣ ይሄ ወገብ መኪና ይችላል? እንዴት አድርጌ ልቀመጥ ነው እያልኩ ስጨነቅ አደርኩ። አዙር፤ አዙር አንተ ልጅ!»

ዓለምፀሐይ ስልኩን ዘጋችው። ሊያስቃት ሲገባ ንዴት ነው የመጣባት። ራሔል ትዝ አለቻት። «ቅዳሜ ጓደኛዬ ጋር ልደር እንዴ?» ብላ አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቃት ነበር። «ኧረ በፍጹም፣ ምን ሲባል!» ያለቻት ማን ሆነና? ራሷ ናት። ከባሏ ጋር ብቻዋን የምትሆንበትን በር የዘጋው መኳንንት ብቻ አልነበረም።

መኪናው ሲመለስ ሻንጣዋን ይዛ ደጅ ቆማ ጠበቀች። እማማ ወገባቸውን ደግፈው ወረዱና ጀሪካኑን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«በሩን ከውስጥ ቆልፌ እተኛለሁ» አሉ። «ከሠናይት በቀር ማንም ቢመጣ አልከፍትም።»

ዓለምፀሐይ ፊት ገባች። ወንበሩ ገና ሙቀት አለው። መኳንንት ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ እንደለመደው፣ እንግዳ እንዳይሰማ በሚያወራበት ድምፅ «ይቅርታ» አላት።

«አልሰማሁህም» አለችው።

ዘበኛው ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ ጮክ ብሎ ደገመው።